ሳፋው ሞላ

እኔ ሦስት ሳፋ አውቃለሁ። አንደኛው መካ ነው፤ ሐጅም ሆነ ዑምራ የሚያደርግ ሁሉ ከእርሱ ተነስቶ በእርሱና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የሚመላለስበት የተከበረ ኮረብታ። ሁለተኛው ጅዳ ነው፤ እኔ የምኖርበት፣ ፎቅና ባቃላ የሚባለው የሸቀጥ ሱቅ የበዛበት፣ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ የሚጠፋበት ሰፈር። ሦስተኛው ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ጓሮ ነው፤ ልብስ የሚታጠብበት ሰፊ ዕቃ። ሦስቱንም ስንጽፋቸው አንድ ናቸው። ለመለየት «የትኛው? የት ያለው?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ሳይጠይቅ የወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው በአጎቴ ተምሬአለሁ። አጎቴ ከደሴ ለዑምራ መጥተው «አንድ ቀን አንተ ዘንድ አድራለሁ» ብለውኝ ነበርና፣ አንድ ማታ ደውለው «ሳፋ ነኝ» ሲሉኝ ሰፈሬ የደረሱ መሰለኝ። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጣሁ። ከባቃላው በር ላይ የሉም። ከዳቦ ቤቱም የሉም። መልሼ ደወልኩ።

«አጎቴ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ሕዝብ ነዋ!»

«ሕዝቡ ምን ያደርጋል?»

«ይሄዳል፤ አረንጓዴ መብራት ሲያይ ደግሞ ይሮጣል።»

ይህ ምንም አላጠራጠረኝም። ጅዳ ውስጥ አረንጓዴ መብራት ሲያይ የማይሮጥ ማን አለ? አንድ ሰዓት ሙሉ መስቀለኛ መንገድ ለመስቀለኛ መንገድ ስዞር ቆይቼ፣ በመጨረሻ «ሦስተኛውን ጨርሼ አራተኛውን ልጀምር ነው» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። እርሳቸው መካ፣ በሳፋና በመርዋ መካከል ወንዶች ሶምሶማ የሚሉበትን በአረንጓዴ መብራት የተለየ ቦታ እያለፉ ነው። እኔ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ የትራፊክ መብራት ሥር ቆሜአለሁ። ሰውየው የደወሉት ና ለማለት ሳይሆን ዱዓ እንዳደርግላቸው ኖሯል።

ስም ብቻውን አድራሻ አይሆንም። ይህን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው ኮምፒዩተር ነው። በአንድ ፎልደር ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፋይሎችን አያስቀምጥም፤ በሁለት ፎልደር ከሆነ ግን እሺ ይላል። ለእርሱ ፋይል ማለት ስሙ ከነመንገዱ ነው። የመካው ሳፋና የጅዳው ሳፋ እርሱ ዘንድ አይምታቱም። የሚምታቱት እኛ ዘንድ ነው። እኛ «ፋይሉን የት አስቀመጥኸው?» ስንባል መልሳችን «ኮምፒዩተሩ ውስጥ» ነው።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። እንጀራዬ ሹፌርነት ነው፤ ዓርብ ዓርብ ግን የሰፈሩ ሐበሻ የኮምፒዩተር ሐኪም አድርጎ ሾሞኛል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ቡናና ምርቃት ግን አለው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ላፕቶፑ በፌስታል ተይዞ፣ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴም እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፎ ይመጣል። ሕመሙ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሞላ ይለኛል።» ስከፍተው ሲ ድራይቭ ቀይ ለብሷል። ከጎኑ ያለው ዲ ድራይቭ ደግሞ እንደ ረመዳን ቀትር ምግብ ቤት ጭር ብሏል።

ባለቤቱ ይህን እያየ የሚደርስበት ውሳኔ ያስገርመኛል። «አርጅቷል መሰለኝ፤ ሌላ ልግዛ?» ይለኛል። ሳሎኑ በዕቃ ስለተጨናነቀ ጓዳውን ከፍቶ ሳያይ ቤት የሚቀይር ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ? እዚህ ጅዳ ደግሞ የአንድ ክፍል ኪራይ ለአራት የምንከፍል፣ ሻንጣችንን ከአልጋ ሥር፣ ጫማችንን ከሻንጣ ሥር የምናስገባ ሰዎች ነን። ክፍት ቦታ ማባከንን ከማን እንደተማርነው አላውቅም።

ለመሆኑ ሁሉም ነገር ሲ ላይ የሚከመረው ለምንድን ነው? አንዱ ታማሚዬ «ሲ ማለት ሴንትራል ነው» ብሎ አስረድቶኛል። ሌላው «ኮምፒዩተር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በሲ ይጀምራላ!» አለኝ። ሁለቱም እንደ ሙፍቲ በልበ ሙሉነት ነው የተናገሩት። ነገሩ ግን የውርስ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ ኤ እና ቢ የተባሉት ፊደላት ለፍሎፒ ዲስክ ተሰጡ። በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ታቅፎ ሲመጣ፣ ተራው የደረሰው ፊደል ሲ ነበር። 10 ሜጋባይት ዛሬ ሁለት ሦስት የስልክ ፎቶ ቢይዝ ነው። ፍሎፒዎቹ ከሞቱ ዘመን ተቆጠረ፤ ወንበራቸው ግን እንደ ቤተ ዘመድ ታላቅ ወንድም ቦታ እስከ ዛሬ ተከብሮላቸው ባዶውን ይታያል።

ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ በዚያው በር ገባ። ዊንዶውስ 95 ፕሮግራሞች «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባል ፎልደር እንዲሰፍሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ ደግሞ ከኢንተርኔት ለሚወርደው ሁሉ «ዳውንሎድስ» የሚባል ጎተራ ከፈተ። ሁለቱም ሲ ላይ። እኛን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም «ለምን እዚያ?» አላልንም።

ይህ ጎተራ በዓረብኛ «ተንዚላት» ይባላል። እዚህ የሚሸጠው ላፕቶፕ በዓረብኛ ሲነሳ ስሙ ይኸው ነው። ችግሩ፣ «ተንዚላት» የሚለውን ቃል እኛ የምናውቀው ከሱቅ መስታወት ላይ መሆኑ ነው፤ እዚያ ሲለጠፍ «ቅናሽ» ማለት ነው። አንድ የሰፈሬ ልጅ ኮምፒዩተሩ ውስጥ «ቅናሽ» የሚል ፎልደር አይቶ ለሁለት ወር የሱቅ ማስታወቂያ መስሎት ሳይነካው ኖሯል። ስቄበት ስጨርስ ግን ነገሩ እውነት እንዳለው ታየኝ። ወደ ዳውንሎድስ የምናስገባው ዕቃ እኮ በቅናሽ ቀን እንደተገዛ ሸቀጥ ነው። ፈልገነው አይደለም፤ ስላገኘነው ነው።

ክፍቱና እዩ። የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ቅጂ አለ። «ኢቃማ»፣ «ኢቃማ (1)»፣ «ኢቃማ (2)» እያለ እስከ 9 ይሄዳል። ባለቤቱ ያወረደው የት እንደገባ ስለማያውቅ በተፈለገ ቁጥር እንደገና ያወርደዋል፤ ኮምፒዩተሩም ሳይሰለች ቁጥር ይሰጠዋል። ከአሥሩ ስድስቱ ጊዜው ያለፈበት ነው። ቀጥሎ ያላየው ድራማ አለ፣ አይቶ የረሳው ድራማ አለ፣ ከቴሌግራም የወረደ መንዙማ አለ፣ የማያውቀው ሰው ሠርግ ቪዲዮ አለ። «ይኸ ሙሽራ ማነው?» ብዬ ስጠይቀው «እኔም ግራ ገብቶኛል፤ ግን የኛ አገር ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ አታጥፋው» አለኝ። 4 ጊጋባይት የሚበላ ዘመድ!

ሌላው ነዋሪ «ሴታፕ» የሚባለው ፋይል ነው። ፕሮግራም ለመጫን የወረደ፣ ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠ። ይህን አጥፉት ስላቸው ሁሉም ይደነግጣሉ። እኔ ግን ድንጋጤው ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ይህ የካርቶን ፍቅራችን ነው። ቴሌቪዥን ገዝተን ካርቶኑን «ለካርጎ ይሆናል» ብለን ቁምሳጥን ላይ የምንሰቅል፣ ቴሌቪዥኑ ተቃጥሎ ከተጣለ በኋላም ካርቶኑን የምንጠብቅ ሕዝብ ነን። ሴታፕ ፋይል ካርቶን ነው።

ቦታው ሲያልቅ ደግሞ ሌባ ይፈለጋል። ባለፈው አንዱ 128 ጊጋባይት ተብሎ የገዛው ዲስክ ኮምፒዩተሩ ላይ 119 ብሎ ስላሳየው፣ ሻጩን ሊከስ ተነሳ። «9 ጊጋ ሰርቆኛል፤ ሚዛን ይሰርቃል!» አለ። የዲስክ አምራች ሺን 1000 ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ 1024 ብሎ ይቆጥራል። 1 ቴራባይት ተብሎ የሚገዛው 931 ጊጋ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ነው። ይህን ሳስረዳው ሰማኝና «እና ልዩነቱ የት ሄደ?» አለኝ። ለዘጠኙ እንዲህ የተንገበገበው ሰው፣ ዳውንሎድስ ውስጥ 70 ጊጋ የሚያህል የማያውቀው ዕቃ አስቀምጦ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ሰው ገበያ ላይ አይሸወድም። ባብ ሸሪፍ ገበያ ወርዶ አንድ ብርድ ልብስ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ አምስት ሪያል ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ፕሮግራም ሲጭን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ነክስት፣ ነክስት፣ ነክስት፣ ፊኒሽ!» ይለዋል፤ ጣቱ የሚሄደው ተስቢሕ እንደሚቆጥር ሰው ነው። በነዚያ በዘለላቸው ገጾች መካከል አንዲት ትሑት ጥያቄ አለች፦ «ይህን ፕሮግራም የት ልጫንልዎ?» የምትል። አጠገቧ «ብራውዝ» የምትል አነስተኛ ቁልፍ ተቀምጣለች፤ እርሷን ነክቶ ዲ ላይ አንድ ፎልደር መምረጥ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ማንም አያያትም። «ለምን አታነብም?» ስለው «ወንድሜ፣ እኔ የሥራ ውሌንስ መች አንብቤ ፈረምኩ» አለኝ። ይህን ሲለኝ መሳቁን ትቼ ቡናዬን ጠጣሁ።

ሰው አንዴ ዲ ድራይቭ የሚባል ባዶ ቤት እንዳለው ሲነቃ ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሮጣል። አንድ ወዳጄ ምክሬን በስልክ ሰምቶ ሳልጨርስ ዘጋና፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ዲ ላይ ለጠፈው። ኮምፒዩተሩ «ይህ ጥቅም ላይ ነው፣ ይህ አይቻልም» እያለ ሲለምነው እርሱ «እሺ፣ እለፍ» እያለ ገፋ። በነጋታው ስክሪኑ ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ ባለቤት እንደሌላቸው የመስጂድ በር ጫማዎች ተደርድረው ቀሩ። አንዱም አይከፈት።

ፕሮግራም እንደ ሶፋ አይደለም፤ ተሸክመህ አታዛውረውም። ሲጫን አድራሻውን በየመዝገቡ ያስመዘግባል። ሰፈር ሲቀይር ለዕድሩ ያልተናገረ ሰው ታውቁ የለ? ለቅሶ ሲደርስበት ጡሩንባው የሚነፋው፣ ድንኳኑም የሚተከለው በድሮ ደጃፉ ነው። ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። ማዛወር ከተፈለገ በወጉ ተነቅሎ፣ ማለትም አንኢንስቶል ተደርጎ፣ በአዲሱ ቦታ እንደ አዲስ ይጫናል። ከማይክሮሶፍት ሱቅ የወረዱት ብዙዎቹ ብቻ ናቸው ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «አዛውር» ሲሏቸው እሺ የሚሉት። የ«ፕሮግራም ፋይልስ»ን አድራሻ ሬጅስትሪ በተባለው መዝገብ ከነሥሩ መቀየርን ማይክሮሶፍት ራሱ አልደግፍም ብሏል። የዊንዶውስ ፎልደርማ ጭራሽ አይነካም። የጅዳው ሳፋ ነዋሪው ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ሲግዝ ይውላል፤ የመካው ሳፋ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሰው ሲበዛ መመላለሻው ተስፋፋለት፣ ፎቅ ተጨመረለት እንጂ ኮረብታውን ወደ ሌላ ቦታ እንውሰደው ያለ የለም። የትኛው እንደሚዛወርና የትኛው እንደማይዛወር ማወቅ የዕውቀት ግማሹ ነው።

ሌላው ደግሞ ትክክለኛውን መንገድ ይዞ በመጨረሻው በር ላይ ተሰናከለ። ዳውንሎድስን በቀኝ ክሊክ ነክቶ፣ ፕሮፐርቲስ ገብቶ፣ «ሎኬሽን» የሚለውን ከፍቶ «ሙቭ» አለ። እስከዚህ አንደኛ። ቀጥሎ ዲ ላይ አዲስ ፎልደር ከፍቶ እርሱን መምረጥ ሲገባው፣ «ዲ» ራሱን መረጠ። ኮምፒዩተሩ «እርግጠኛ ነህ?» አለው። ሐበሻ እርግጠኛ ያልሆነበት ጊዜ አለ? «አዎን!» አለው። ከዚያ ወዲያ ዲ ድራይቭ በሙሉ ዳውንሎድስ ሆነ። የልጁ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤቱ ካርታ ቅጂ፣ የማያውቀው ሰው ሠርግ፣ ሁሉም አንድ ሳፋ ውስጥ ገቡ። መመለሱ ከማድረጉ አምስት እጥፍ ፈጀብኝ።

ሦስተኛው ሰው ሴቲንግ ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚለውን ከፍቶ፣ አዲስ ነገር የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቀው ገጽ ላይ ሁሉንም ወደ ዲ ቀየረና በሳምንቱ «አጭበርባሪ ነህ፤ ሲ አሁንም ቀይ ነው» ብሎ መጣ። ገጹ እኮ የሚናገረው ስለ አዲስ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልበደርም ብሎ የማለ ሰው የትናንቱ ዕዳ አይሰረዝለትም። የቆየውን ራስህ ታወጣዋለህ ስለው እንደ ከባድ ሥራ ታየው። ሲ የሚያጸዳ ፕሮግራም አለ ሲሉት ሰምቶ ሦስት አወረደ፤ ሦስቱንም የጫናቸው ሲ ላይ ነው። ቤቱን ሊያጸዱ የመጡ ሦስት ሰዎች ከነሻንጣቸው ሳሎን ገብተው ተኙ።

እኔ ከነዚህ ሁሉ የተሻልኩ መስዬአችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የእኔ ቂልነት የዐዋቂ ቂልነት ስለሆነ ዋጋው ይበልጣል። ለዓመታት «ሲ ለኮምፒዩተሩ፣ ዲ ለእኔ» እያልኩ ስሰብክ ኖርኩ። ፎቶዬ፣ ሰነዴ፣ የእናቴ ድምፅ የተቀዳበት ሁሉ ዲ ላይ በየፎልደሩ ተሰድሮ ነበር። ሰው ሲመጣ እየከፈትኩ አሳይ ነበር፤ ልክ እንደ አዲስ ቡፌ። አንድ ጠዋት ላፕቶፑ ትክ፣ ትክ፣ ትክ ማለት ጀመረና ዝም አለ። ይዤው ወደ አንድ ጠጋኝ ሮጥኩ። «ሲ ቢጠፋ ግድ የለኝም፤ ዲ ይውጣልኝ» አልኩት። ሰውየው በሐዘኔታ አየኝ። ለካ የእኔ ሲ እና ዲ አንድ ዲስክ ናቸው! አንድ ክፍል መሐሉ በመጋረጃ ተከፍሎ ሁለት ስም ተሰጥቶታል እንጂ ጣራው አንድ፣ ምሰሶው አንድ ነው። በአንድ ኮት ግራና ቀኝ ኪስ ገንዘቤን ከፋፍዬ ሳበቃ ኮቱ ጠፋ።

«ባክአፕ?» አለኝ ጠጋኙ።

«ማፊ» አልኩት፤ የለም ማለቴ ነው።

በዚህ አገር ስኖር ስንቱን «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ ብዬ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ማፊዋ ብቻዋን ቀረች።

ይህ በደረሰብኝ ሰሞን ነው በአንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን የመጣችው። የማዳሟ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጥቷት ነው። አገር ቤት ያሉ ልጆቿን የምታይበት፣ ፎቷቸውን የምታስቀምጥበት ልታደርገው ፈልጋለች። ሲ ቀይ ነው፤ ተንዚላቱ የልጁ ጌም ጢም ብሎ ሞልቶበታል። እኔም እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ ትምህርት ጀመርኩ።

«እታለም፣ ይኸ ዳውንሎድስ የሚባለው...»

«ሳፋ ነዋ» አለችኝ።

«የትኛው ሳፋ?» አልኳት፤ የአጎቴ ነገር ትዝ ብሎኝ።

«የልብሱ! የመጣው ልብስ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይጣላል። ከዚያ ነጩ ለብቻ፣ ቀለሙ ለብቻ ይለያል፤ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ቁምሳጥን ይገባል። የማይረባው ይጣላል። እነዚህ ሰዎች ግን ሳፋ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖሩት? ሳፋ ማጠቢያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም እኮ!»

ዓርብ ዓርብ ስለፈልፍ የኖርኩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት የእጅ ሥራ ብቻ ነው። የልጁን ጌም አራገፍኩ። ዲ ላይ «የወረደ» የሚል ፎልደር ከፍቼ ዳውንሎድስን ወደዚያ አዛወርኩ። አጠገቡ «ልጆቼ»፣ «ወረቀት»፣ «ድምፅ» የሚሉ ሦስት ቁምሳጥኖች አቆምኩላት። በመጨረሻ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ አንድ ነገር ከማውረዱ በፊት የት እንደሚያስቀምጥ እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ቁልፍ ከመንካቴ በፊት «ይኸን ባበራው በየጊዜው ይጠይቅሻል፤ ሰው ሁሉ ይሰለቸዋል፤ ልተወው?» አልኳት።

«ምን ብሎ ነው የሚጠይቀኝ?»

«የት ላስቀምጠው ብሎ።»

ሳቀች። «አብራው፣ ይጠይቀኝ! እዚህ አገር ከመጣሁ እኔ ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ማዳም፣ ይኸን የት ላድርገው? ማዳም፣ ያንን የት ላድርገው? አንድ ዕቃ እንኳ እኔን ይጠይቀኝ።»

ፎቶዎቹን ካስተካከልኩ በኋላ ከቦርሳዋ ሁለት ፍላሽ አወጣች። አንዱ ለእርሷ፣ አንዱ ሪያድ ላለች እህቷ። «ለምን ሁለት?» ብዬ የጠየቅኳት አውቄ ነው፤ ከራሴ ጥፋት በኋላ መልሱን ከሌላ ሰው አፍ መስማት አምሮኝ። በ2006 ዓ.ም. እዚህ ነበረች። ያኔ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የውጭ አገር ሰው የማሰስ ዘመቻ ተጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ሲመለሱ፣ አብራት የምትኖር ልጅ ገበያ እንደወጣች ቀረች። ሻንጣዋ፣ ስልኳ፣ የእናቷ ፎቶ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። «ከዚያ ወዲህ» አለችኝ፣ «አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንዳለ አልቆጥረውም።»

እርሷ ከሄደች በኋላ ራሴን ታዘብኩ። እኛ የቦታ ደሃ አይደለንም። ያስቸገረን፣ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት በመረጠልን ቦታ ሁሉንም ከምረን ስንቸገር ኑሮ ጠበበ ማለታችን ነው። «የት ይሁን?» የሚለውን ጥያቄ ስንጠየቅ ነክስት ብለን እናልፋለን፤ ሳንጠየቅ ስንቀር ደግሞ እንማረራለን። ሳፋው ሲሞላ ልብሱን አውጥተን እንደማስጣት ሳፋው ይሰፋልን ዘንድ እንመኛለን። ሳፋ ግን አይሰፋም፤ ስሙ ብቻ ነው የሚያታልለው።

ይህን በተመስጦ እያሰላሰልኩ እያለ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከሐይቅ። ባለፈው በካርጎ ሦስት ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ የላስቲክ ሳፋ ልኬላት ነበር። በዚያች ባረጀች ሳፋዋ ማጠቧ ስላሳሰበኝ ነው።

«ሳፋው ደረሰሽ እማ?»

«ደርሷል፣ አላህ ይስጥህ! እንዴት ያለ ግሩም ዕቃ መሰለህ። መድኃኒቴን አደረግሁበት፣ ስኒውን አደረግሁበት፣ ያንተን የትምህርት ቤት ወረቀቶች፣ የአባትህን ፎቶ፣ የቡናውን ፌስታል፣ የላክህልኝን ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ...»

«እና ልብሱን በምን ታጥቢያለሽ?»

«በድሮው ነዋ! ይኸንማ ማን ውሃ ያስነካዋል?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብቻ ልጄ፣ ሞላብኝ። ከዚህ ተለቅ ያለ እዚያ ይገኛል?»

ባብ ሸሪፍ ወርጄ ዋጋውን ጠይቄአለሁ። አምስት ሪያል አስቀንሼ ሁለት ገዛሁ።